እኔና ኃላፊነቱ የተወሰነው እኔ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «ስሚ እስቲ፣ አንቺ ድርጅት ከፍተሻል አይደል? እንዴት ነው የሚከፈተው?» አለችኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር በኮንትራት ልትሠራ ነው። ጋዜጣዊ መግለጫ መጻፍ፣ የፌስቡክ ገጽ ማስተዳደር፣ ዓመታዊ ሪፖርት ማዘጋጀት… የታወቀው የእኛ ነገር። ሰዎቹ ታዲያ «ከግለሰብ ጋር አንዋዋልም፤ ድርጅት ይዘሽ ነይ» ብለዋታል። ጎበዝ፣ ድርጅትም እንደ ጉርድ ፎቶ «ይዘሽ ነይ» መባል ጀመረ ማለት ነው!

በስልክ ባጭሩ ላስረዳት ሞከርኩ። አርባ ደቂቃ አወራን፤ ገና ስለ ማህተሙ እየነገርኳት ካርዷ አለቀ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ «ይዘሽ ነይ»፣ «ይዘህ ና» ለተባላችሁም ሁሉ ይህችን ጻፍኩ። ከወዲሁ ግን እንተማመን። ጠበቃ አይደለሁም፤ የሂሳብ ባለሙያም አይደለሁም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። (ለአሥር በመቶ ስሌት ካልኩሌተር ከሚያወጡት ወገን ነኝ።) የምነግራችሁ የራሴን ነው፤ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ የማፍርበት ነገር አለ። ዋናው እሱ ነው።

12 ሺህ ብሬ የት ሄደ?

የተመረቅሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። አንድ መጽሔት ላይ በሪፖርተርነት ገባሁ፤ በ2013 ዓ.ም. መጽሔቱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቻችሁ «ፍሪላንሰር» ሆንኩ። ፍሪላንሰር ማለት ሰፈር ውስጥ «ሥራ ፈታለች እንዴ?» እየተባለ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ሰው ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ዳጎስ ያለ ሥራ አገኘሁ። የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሦስት ዓመት ሥራ በአማርኛ መጽሐፍ መልክ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ነበር። ዋጋው 40 ሺህ ብር። ሁለት ወር ጻፍኩ፣ አስረከብኩ፣ ቼኬን ልቀበል ሄድኩ። ቼኩ ላይ የተጻፈው 28 ሺህ ብር ነው።

«ይቅርታ፣ 12 ሺህ ብሩስ?» አልኳት የፋይናንስ ሠራተኛዋን።

«ቲን ነምበር አለሽ?»

«የለኝም።»

«ንግድ ፈቃድ አለሽ?»

«ጸሐፊ ነኝ እኮ።»

«30 በመቶ ተቆርጧል» አለችኝና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ልጅቷ አልበደለችኝም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነው እንደዚያ የሚለው። በጊዜው ቲንና ንግድ ፈቃድ ላለው አገልግሎት ሰጪ፣ ክፍያው ከ3 ሺህ ብር በላይ ከሆነ ከፋዩ 2 በመቶ ብቻ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። እሷም ብትሆን በዓመቱ መጨረሻ ከምትከፍሉት ግብር ላይ ትታሰብላችኋለች። ከሌላችሁ ግን 30 በመቶ! እኔ ወረቀቱ ቢኖረኝ ኖሮ የሚቆረጠው 800 ብር ነበር። በ800 ብር ፋንታ 12 ሺህ ብር ከፍዬ ወጣሁ። ከቢሮው እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ በአፌ የወጣውን እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ችግር ለመፍታት ድርጅት አያስፈልግም። በራስ ስም የግለሰብ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ይበቃል፤ ቀላልም ነው። ለጓደኛዬም መጀመሪያ የጠየቅኳት «የግለሰብ ንግድ ፈቃድ ይዤ ብመጣስ? ብለሻቸዋል ወይ?» ብዬ ነው። አላለቻቸውም። ብዙ ቦታ «ግለሰብ አንፈልግም» ሲሉ «ወረቀት የሌለው ግለሰብ አንፈልግም» ማለታቸው ነው።

እኔን ወደ ድርጅት የገፋኝ ሌላ ነገር ነው። አብሮኝ መጽሔቱ ላይ ይሠራ የነበረ ልጅ በግለሰብ ንግድ ፈቃዱ የካሌንደር ሥራ ተዋዋለ። ዲዛይኑን ሠርቶ ማተሚያ ቤት ሰጠ። ታትሞ ሲመጣ አንድ በዓል የተሳሳተ ቀን ላይ ውሏል። ደንበኛው «አልቀበልም፣ ቀብዴን መልስ» አለ፤ ማተሚያ ቤቱም «እኔ የሰጠኸኝን ነው ያተምኩት» አለ። ግለሰብ ነጋዴ ስትሆኑ የንግዱ ዕዳ የእናንተ ዕዳ ነው። ልጁ ሞተር ሳይክሉን ሸጠ። እኔ ሞተር ሳይክል የለኝም፤ ያለኝ ላፕቶፕና የእማዬ ቤት ያለ አልጋ ነው። ቢሆንም ፈራሁ።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ቃል ያኔ ነው ጆሮዬ ውስጥ የገባው። በየሕንፃው ላይ ኃ/የተ/የግ/ማ ተብሎ ተጽፎ ስናየው አድገናል። ትርጉሙን ግን ማን ጠየቀ? ድርጅቱ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ይበደራል። ቢከስር የሚከስረው የራሱን ነው፤ እናንተ የምታጡት ያዋጣችሁትን ካፒታል ነው። ዕዳው ደጃችሁ ድረስ አይመጣም። የሚለው እንዲህ ነው። ደስ አይልም?

ሁለተኛ ሰው ያጣ ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። ቢበዛ ደግሞ 50። ካፒታሉ ከ15 ሺህ ብር አያንስም። በዚያ ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ስለነበረ 15 ሺህ ብር ማለት 6 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ትልቅ ሀብት! ዛሬ 150 ዶላር እንኳ አይሞላም። ከስድሳ ዓመት በኋላ የመጣው አዲሱ ሕግም 15 ሺህ ብሯን አልነካትም። ደህና ላፕቶፕ የማይገዛ ብር ድርጅት ያቋቁማል ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ብሩ ሳይሆን «ሁለት ሰው» የሚለው ነበር። ለብቻው መሥራት የሚፈልግ ሁሉ የወረቀት ሸሪክ ይፈልጋል። እናት፣ ሚስት፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ… 98 በመቶ የእኔ፣ 2 በመቶ የእማዬ። ሸሪኩ ድርጅቱ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ፊርማው ግን ያስፈልጋል። በሙያ ታላቄ የሆነች አንዲት ሴት እንዲህ አድርጋ ወንድሟን በ2 በመቶ አስገባችው። ወንድምየው ደቡብ አፍሪካ ሄደ፣ ስልኩ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ድርጅቱን ልትዘጋ ስትል የሱ ፊርማ ወይም ውክልና ተፈለገ። እሱን ፈልጎ ማግኘት፣ ውክልና አስልኮ ማስተርጎም፣ ማስመዝገብ… ድርጅቱን ከመክፈት መዝጋቱ ፈጃት።

በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጣ። እሱ ነው ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚባለውን ነገር ያመጣልን። አንድ ሰው ብቻውን «ማኅበር» መሆን ይችላል። (ማኅበር የሚለው ቃል ራሱ ግራ ሳይገባው አይቀርም።)

በ2015 ዓ.ም. ይህንን ይዤ ቤት ገባሁ። እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። «ባለ አንድ አባል» ስላት ስኒውን አስቀመጠች።

«አንድ? ሰው የለሽም እንዴ?»

«እማዬ፣ እንደሱ ሳይሆን ሕጉ…»

«እኔ ሞቻለሁ? ወንድምሽ የለም? ምን በድለንሽ ነው ብቻዬን ነኝ ብለሽ መንግሥት ዘንድ የምትፈርሚው?»

ስለ 2 በመቶው፣ ስለ ደቡብ አፍሪካው ወንድም አስረዳኋት። ሰማችኝ፤ ደስ ግን አላላትም። ይባስ ብሎ ሁለተኛው ነገር መጣ። ሕጉ ብቻችሁን ስታቋቁሙ አንድ ሰው እንድትሰይሙ ያዛል። ብትሞቱ፣ ወይም ድርጅቱን ለመምራት የማትችሉበት ሁኔታ ላይ ብትወድቁ፣ በቦታችሁ ሆኖ ድርጅቱን የሚያስተዳድር ሰው። እኔ የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። ስለ ሞቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ የነፍስ አባት ሳይሆን የማቋቋሚያ ሰነድ ሆነ።

እማዬን ጠየቅኳት። «አታሟርቺ!» ብላ አማተበች። «በልጄ ሞት ላይ ፊርማ የለኝም። ስሜን እንዳትጽፊ።» በመጨረሻ ታናሽ ወንድሜን ጻፍኩት። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ነገሩን ስነግረው ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ላፕቶፑም የኔ ይሆናል?» አለኝ።

ማህተሙ ላይ አልገባ ያለው ስም

የወረቀቱን ነገር ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ስም መርጣችሁ ታስመዘግባላችሁ። የእኔ ሦስት ስሞች «ተመሳሳይ አለ» ተብለው ወደቁ፤ አራተኛው አለፈ። የማቋቋሚያ ሰነድ ይዘጋጃል፤ እኔ ውልና ማስረጃ ሄጄ ፈርሜ አጸደቅሁት። ከዚያ ንግድ ምዝገባ፣ የድርጅቱ ቲን ነምበር፣ የባንክ ሂሳብ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ማህተም፣ ደረሰኝ ማሳተም። ብዙው ነገር አሁን በኢንተርኔት ይሞላል፤ እግራችሁ ግን ጨርሶ አያርፍም።

እኔን ያንከራተተኝ አድራሻ ነው። የምንኖረው ቀበሌ ቤት ነው፤ እዚያ ላይ የንግድ አድራሻ ማውጣት አልተቻለኝም። የሰፈራችን አንድ ጋሼ በራቸው ላይ ያለችውን ክፍል ሊያከራዩኝ ተስማሙ። የኪራይ ውሉ በስማቸው እንደሚጸድቅ ስነግራቸው ግን «ልጄ፣ ክፍሉን ውሰጂው፤ ውል ግን አትበይኝ። ነገ ደግሞ ግብር ክፈል ሊሉኝ ነው» አሉኝ። በመጨረሻ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ቢሮ ተከራየን። ሊፍቱ አይሠራም። ደንበኛ ሲመጣ «ካፌ እንገናኝ» እንላለን።

ባንክ ቤት ደግሞ ሂሳብ ለመክፈት ቃለ ጉባኤ ተጠየቅኩ። ቃለ ጉባኤ! ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ብቸኛዋ አባል በተገኘችበት ስብሰባ፣ ብቸኛዋ አባል ሥራ አስኪያጅ ሆና እንድትሠራ ተወስኗል።» በሙሉ ድምፅ አለፈ። ማህተም ቀራጩ ጋ ስሄድ ሰውዬው የድርጅቱን ስም አነበበና ወደ እኔ ቀና አለ። ከስሙ ኋላ «ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ሁሉ መግባት አለበት። «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ክብ ውስጥ አይገባም» አለ። ፊደሉ ጤፍ አክሎ ገባ።

ከተወለደ ቀን ጀምሮ ደረጃ ሀ

አሁን ወደ ብር እንምጣ። ብዙ ሰው «ድርጅት ካለሽ ግብር ይቀንስልሻል» ይላል። ለእንደኔ ዓይነቱ ትንሽ ሠራተኛ እውነት አይደለም። ድርጅት የሆነ ግብር ከፋይ ገቢው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ደረጃ ሀ ነው። የሂሳብ መዝገብ መያዝ አለበት። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ላፕቶፕ ያለው የእኔ ድርጅትና የሲሚንቶ ፋብሪካ በደረጃ እኩል ናቸው ማለት ነው። (ለእማዬ ይህን ስነግራት ኮርታለች።)

ስሌቱን ጋሼ፣ የሂሳብ ባለሙያዬ፣ በካፌ ሶፍት ላይ እንዲህ አሳዩኝ። ድርጅቱ 100 ብር አተረፈ እንበል። 30 በመቶ የትርፍ ግብር ይከፍላል፤ 70 ብር ይቀራል። ያንን ብር ወደ ራሴ ኪስ ላምጣው ስል የትርፍ ድርሻ ግብር አለ፤ በ2015 ዓ.ም. 10 በመቶ ነበር። 7 ብር ይወጣል፤ እጄ የሚገባው 63 ብር ነው። ግለሰብ ነጋዴ ብሆን ግብሩ እንደ ገቢው መጠን ከዜሮ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ጣሪያው 35 በመቶ ነው። ለትንሽ ገቢ የግለሰቡ ይሻላል። (የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ስለተሻሻለ የዛሬውን መቶኛ ከሂሳብ ባለሙያ ጠይቁ እንጂ የእኔን ሶፍት አትመኑ።)

ለዚህ ነው ጋሼ «ለራስሽ ደመወዝ ቁረጪ» ያሉኝ። ድርጅቱ ሥራ አስኪያጁን ቀጥሯል፤ ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ። በየወሩ ደመወዝ ይከፍለኛል፣ የደመወዝ ግብር ይቆርጥብኛል። ጡረታም አለ፤ ከደመወዜ 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ። ደመወዜ ለድርጅቱ ወጪ ስለሆነ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። በዚህ ላይ የጋሼ የወር ክፍያ፣ የቢሮ ኪራይ፣ ሥራ በሌለበት ወርም ቢሆን ማሳወቅ፣ እስከ ጥቅምት 30 የዓመቱን ሂሳብ ማቅረብ፣ እስከ ታህሳስ 30 ንግድ ፈቃድ ማሳደስ።

ለጓደኛዬ ሌላም ነገር ነገርኳት። መሥሪያ ቤቱ «ድርጅት ይዘሽ ነይ» ሲል ሊቀጥርሽ አልፈለገም ማለት ነው። ቢቀጥርሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዓመት ፈቃድ አለሽ። ብትወልጂ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፊያለሽ። በድርጅት ስትገቢ ግን አንቺ ለእነሱ አቅራቢ ነሽ፤ እንደ ወረቀትና ቀለም። ወረቀት አይወልድም፣ አይታመምም። ስለዚህ ዋጋ ስትሰጪ የቀሪዎቹን ደመወዝ አይተሽ አትስጪ። ግብሩን፣ የሂሳብ ባለሙያውን፣ የምትታመሚበትን ቀን ሁሉ ቆጥረሽ ስጪ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ይህን ሳልቆጥር ሠርቼ ድርጅቱን በደመወዜ ስደጉም ከረምኩ።

እማዬ የወደቀች ቀን

እንግዲህ የማፍርበት ነገር።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት እማዬ ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ወንድሜ ሲደውልልኝ ቢሮ ነበርኩ። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሆስፒታል ስደርስ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ 70 ሺህ ብር አስይዙ ተባልን። የእኔ የግል ሂሳብ ውስጥ 9 ሺህ ብር ነበር። የድርጅቱ ሂሳብ ውስጥ 82 ሺህ።

ያ 82 ሺህ ብር ከአንድ ደንበኛ የተቀበልነው ቅድሚያ ክፍያ ቀሪ ነው። ከሱ ላይ 45 ሺህ የፎቶ አንሺው ነው፤ ሥራውን ጨርሶ አስረክቦ በሚቀጥለው ሳምንት ሊከፈለው ተነጋግረናል። ቆሜ አሰብኩ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። አላሰብኩም። ባንክ ገባሁ፣ ቼክ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማህተሙን አሳረፍኩ። የሚከለክለኝ ሰው የለም። ብቸኛዋ አባል እኔ፣ ሥራ አስኪያጇ እኔ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፤ ተመስገን። የወሩ መጨረሻ ላይ ጋሼ የባንክ መግለጫውን ይዘው መጡ።

«ይሄ 70 ሺህ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ እናቴ ታማብኝ ነው።»

«እግዜር ይማርልሽ። ግን ምን ብዬ ልጻፈው?»

ዝም አልኩ። ደመወዝ አይደለም። የሥራ ወጪ አይደለም። ትርፍም አይደለም፤ ገና ያላተረፍነው ብር ነው። መነጽራቸውን አወለቁና ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሕጉ ድርጅቱንና እኔን ሁለት ሰው ያደረገን ሁለት ሆነን እስከተገኘን ድረስ ነው። ብቸኛው አባል የራሱንና የድርጅቱን ንብረት ካደባለቀ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው አጥር ይፈርሳል፤ ድርጅቱ ላልከፈለው ዕዳ በግሉ ይጠየቃል። «አጥሩን የሠራሽው ለራስሽ ነው፤ ዘለሽ የወጣሽውም አንቺው» አሉኝ። መዝገቡ ላይ «ከአባል የሚሰበሰብ» ብለው ጻፉት። ለድርጅቴ ባለዕዳ ሆንኩ።

እኔን ሕጉ አልነበረም ያስጨነቀኝ፤ ፎቶ አንሺው ነው። ቀኑ ደረሰ፤ ደወለ። «ትንሽ ታገሰኝ፣ ደንበኛው አልከፈለንም» አልኩት። ዋሸሁት። ደንበኛው ከከፈለ ሁለት ወር ሆኖታል። ልጁ የቤት ኪራይ ሦስት ወር በአንዴ ክፈል ተብሎ ተይዟል። በሁለተኛው ሳምንት ደንበኛው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለች ዘመዱን ጠይቆ እንደተከፈለን አወቀ። አልተቆጣም። «ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ እማማን ልጠይቅ እመጣ ነበር» ብቻ አለኝ። ከስድቡ ይህ ባሰብኝ።

ማታ እማዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለቅስ አየችኝና ነገርኳት።

«የማን ብር ነው?» አለችኝ።

«የድርጅቱ።»

«ድርጅቱ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና አንቺ ከሆንሽ ምን ያስለቅስሻል? ካልሆንሽስ ለምን ነካሽው?»

መልስ አጣሁ። እማዬ የሰፈራችን የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ናት፤ ከአሥር ዓመት በላይ። ብሩ ባንክ እስኪገባ ድረስ ቤታችን በብስኩት ጣሳ ውስጥ ያድራል። ጣሳውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከቁም ሳጥኑ በላይ ነው የሚቀመጠው።

«አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ አንድ ሌሊት ትኩሳት ያዘሽ» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ሳንቲም የለም። ጣሳው ውስጥ የእድሩ 3 ሺህ ብር አለ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አንቺን ታቅፌ የጎረቤት በር ሳንኳኳ አደርኩ እንጂ ጣሳውን አልከፈትኩም። የሰው ብር ነዋ። ሰው ሲሞትበት የሚመጣበት ብር ነው። አንቺ ድርጅቱ እኔው ነኝ ካልሽ ያንን ማህተም ለምን አስቀረጽሽው?»

የጠበቃ ማስታወቂያ አንብቤ፣ አዋጅ አገላብጬ፣ ከጋሼ ጋር ሶፍት ላይ አስልቼ ያልገባኝን ነገር እማዬ ያለ ንግድ ፈቃድ ስትሠራው ኖራለች።

የሰጠኋት ሳይሆን የወሰድኩላት መስሏት ነው የተቆጣችው፤ ለሷ መሆኑ አላስደሰታትም። ዳሌዋ ታስሮ በተኛችበት የእቁቧን ዳኛ አስጠራች። የዚያ ወር ዕጣ የወጣላቸውን ሴትዮ ለምና ተራውን ወሰደች። ከዚያ ላይ 45 ሺህ ብር ለፎቶ አንሺው ተከፈለ፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ። እኔ ደግሞ 70 ሺሁን ከደመወዜ ላይ በየወሩ ለድርጅቱ መለስኩ፤ ለእማዬም እቁቧን ከፈልኩ። አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ፎቶ አንሺው ዛሬም አብሮኝ ይሠራል። ግን ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ግማሹን ይቀበላል። ልክ ነው።

እና ልክፈት ወይስ አልክፈት?

ጓደኛዬ ካርድ ሞልታ ስትደውል የጠየቀችኝ ይህንን ነው። የእኔ መልስ ይኸውላችሁ።

ሥራችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ትንሽ ገቢ ከሆነ በግለሰብ ንግድ ፈቃድ ጀምሩ። የሰው ገንዘብ ተቀብላችሁ ለሌላ ሰው የምታካፍሉበት፣ ስህተቱ ከአቅማችሁ በላይ የሚያስከፍል ሥራ ላይ ስትደርሱ ያኔ ድርጅቱን አስቡት። ስትከፍቱ ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ፤ ትንሽም ቢሆን። የድርጅቱን የባንክ ካርድ ቦርሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ አትዙሩ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ብር ሂሳቡ ውስጥ ካለ የእናንተ አይደለም። ቤተሰብ ሲታመም ደግሞ በር አንኳኩ፤ ጓደኛ ጥሩ፣ ለምኑ። ኃላፊነቱ የተወሰነው ድርጅታችሁ ነው። የእናንተማ የት ይወሰናል? እናት አለቻችሁ፣ ወንድም አላችሁ፣ ጎረቤት አላችሁ። ለዚህኛው ኃላፊነት የሚሆን ገንዘብ ለብቻው፣ በሌላ ጣሳ ማጠራቀም ነው ያለው መላ። እኔ ጀምሬአለሁ፤ ገና ከታች ነው።

እማዬ አሁን በምርኩዝም ቢሆን ትሄዳለች። ስለ ድርጅቱ የምትጠይቀኝ እንደ ጎረቤት ሰው ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ ቡና እየጠጣን «ድርጅቱ ደመወዝሽን ከፈለሽ?» አለችኝ።

«ገና ነው። ደንበኛው አልከፈለም።»

በጥርጣሬ አየችኝ።

«የእውነት ነው እማዬ፣ አልከፈለም።»

«በይ እንግዲያው ታገሽው» አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

ቸር እንሰንብት።